ዲስኮ ምንድን ነው?

ዲስኮ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርክና በፊላዴልፊያ ተወልዶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን ያዳረሰ የዳንስ ሙዚቃ ነው። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ለብዙ ወጣቶች የሚታያቸው የሚያብለጨልጭ ሸሚዝ፣ እግሩ የሰፋ ሱሪና ከጣሪያ ላይ የሚሽከረከር የመስታወት ኳስ ነው፤ አይተውም ይስቃሉ። በልብሱ ይሳቁ። ሙዚቃውን ግን አሳልፌ አልሰጥም።

መለያው ምቱ ነው። በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ አራቱንም ምት እኩል ይረግጣል፤ አንዱንም አይዘልም። ፍጥነቱ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 120 ምት አካባቢ ነው፤ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው እርምጃ ያህል ማለት ነው። ዳንስ አላውቅም የሚል ሰው እንኳ ሳያስበው እግሩን የሚያንቀሳቅሰው ለዚህ ይመስለኛል። በምቶቹ መካከል ደግሞ እርስ በርስ የሚጋጩት ጥንድ የብረት ሳህኖች (ሲምባሎች) ከፈት ዘጋ ይላሉ። ከዚህ አመታት ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳው የፊላዴልፊያው ከበሮ መቺ ኧርል ያንግ ነው።

ከበሮው ቦታውን ይዞ ሲቆም የሚዘዋወረው ቤዝ ጊታሩ ነው። የሺክ ባንድን «ጉድ ታይምስ» (1979) አንድ ጊዜ በጥሞና ስሙት። መሐል ላይ ዘፋኞቹ ዝም ይላሉ፣ መሣሪያዎቹም ገለል ይላሉ፤ የበርናርድ ኤድዋርድስ ቤዝ ከከበሮው ጋር ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ሌሎቹ ተራ በተራ ይመለሱና ቫዮሊኖቹ ከላይ ይደርባሉ። እኔ ይህን ክፍል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ ሰውነቴ እስካሁን አልለመደውም። በዚያው ዓመት የሹገርሂል ጋንግ አባላት ራፕን ለሰፊው ሕዝብ ያስተዋወቀውን ዘፈናቸውን የሠሩት በዚሁ የቤዝ ዜማ ላይ ነው።

ዲስኮ የሸክላውን መጠን እንኳ ለውጧል። በትንሹ ሸክላ ላይ የሚገባው ዘፈን ሦስት አራት ደቂቃ ብቻ ስለነበር ጨፋሪው ገና ሲሞቅ ያልቅ ነበር። እንደ ቶም ሞልተን ያሉ የተቀረጸ ዘፈን መልሰው የሚያቀናብሩ ባለሙያዎች ዘፈኖቹን እያስረዘሙ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ላይ ማስቀረጽ ጀመሩ፤ ድምፁ የተቀረጸባቸው የሸክላው መስመሮች ሰፋ ስላሉም ቤዙ ጎልቶ ወጣ።

መጀመሪያ ያቀፉት የኒውዮርክ ጥቁሮች፣ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችና የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ነበሩ፤ ሌላ ቦታ ፊት የሚነሳቸው ሰዎች። ስለዚህ በዲስኮ ላይ የተነሳው ጥላቻ የጆሮ ምርጫ ብቻ ነበር ቢሉኝ አልቀበልም። ሐምሌ 12 ቀን 1979 (እ.ኤ.አ.) በቺካጎው ኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም የዲስኮ ሸክላ ይዞ የመጣ ሁሉ በ98 ሳንቲም እንዲገባ ተፈቀደ። በሁለት የቤዝቦል ጨዋታዎች መሐል የተሰበሰበው ሸክላ በፈንጂ ተበተነ፤ ተመልካቹም ሜዳውን ስለወረረው ሁለተኛው ጨዋታ ሳይካሄድ ቀረ። በዚያችው ቺካጎ ግን ዲጄው ፍራንኪ ነክልስ ዌርሃውስ በተባለው ጭፈራ ቤት ዲስኮ ማጫወቱን ቀጠለ፤ ዛሬ ወጣቱ የሚጨፍርበት ሃውስ ሙዚቃም የወጣው ከዚያ ነው።

«ይህ እኮ ያረጀ ነው» ለሚለኝ ወጣት የማስደምጠው የዶና ሰመርን «አይ ፊል ላቭ» ነው። ሙኒክ ውስጥ ከፕሮዲውሰሩ ጆርጆ ሞሮደር ጋር በ1977 የተሠራ ነው፤ ከድምጿና ከእግር ከበሮው በቀር የሚሰማው ሁሉ ሞግ ሲንተሳይዘር ከተባለው ድምፅን በኤሌክትሪክ ከሚፈጥር መሣሪያ የወጣ ነው። ዓመቱን ሳልነግራቸው የሰሙት ባለፈው ወር የወጣ መስሏቸው ያውቃል። ባይወዱትም ቅር አይለኝም፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ እቀጥላለሁ። ዲስኮን አዲስ ለሚጀምር ሰው ምክሬ አንድ ነው፦ ለሬዲዮ ተብሎ ያጠረውን ትታችሁ ረጅሙን ቅጂ ፈልጉ፣ ከዘፋኙ ይልቅም ቤዙን ተከተሉ።