የኤምአርአይ ወረቀቱ «ዲስኩ አርጅቷል» ሲል

ወገብዎን አሞት ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳይ ፎቶ) ተነሱ እንበል። ወረቀቱ «ኤል 4–ኤል 5 ላይ የዲስክ መበላሸት» ይላል፤ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ማለት ነው። ቶሎ አይደንግጡ።

ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ውሃው ይቀንሳል፣ ይሳሳል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ ወገባቸውን ምንም የማያማቸውን ሰዎች አይቶ ነበር። ከ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች 96 በመቶው ይኸው ለውጥ ተገኝቶባቸዋል።

ስለዚህ ፎቶው ብቻውን የሕመሙን ምክንያት አይናገርም። ሐኪሙ አስተኝቶ እግርዎን ቀጥ አድርጎ ያነሳል። ሕመሙ ከጉልበት በታች ከወረደ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። የእግር ጥንካሬና ስሜትም ይታያል። ሳይነካዎት፣ ፎቶ ብቻ አይቶ «ኦፕራሲዮን» የሚል ካጋጠመዎት ሌላ ሐኪም ቢያማክሩ ይሻላል።

ሕክምናው በአብዛኛው እንቅስቃሴና ፊዚዮቴራፒ ነው። አልጋ ላይ መክረም ያባብሰዋል እንጂ አይጠቅምም። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ለአጭር ጊዜ ይረዳል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያመው ግን አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።

ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ ወይም እግር ከሰነፈ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።