«ሪስፓይት»፦ ለአስታማሚ የተፈቀደ የ5 ቀን እረፍት

በአሜሪካ ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነ የመንግሥት የጤና መድን) በሚከፍለው የሆስፒስ አገልግሎት (በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ላለ ታማሚ የሚሰጥ የማስታገሻ እንክብካቤ) ውስጥ «ሪስፓይት» የሚለው ቃል ብዙ ቤተሰብ ያደናግራል። ታማሚን ለተቋም አሳልፎ መስጠት ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ የሚያስታምመው ሰው እንዲያርፍ ታማሚው ለጥቂት ቀናት ሆስፒታል፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ወይም የሆስፒስ ማዕከል ገብቶ ይቆያል። ማረፍ ነውር አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው የሞርፊን (የኃይለኛ ህመም ማስታገሻ) መጠን ሊሳሳት ይችላል።

በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ቢበዛ 5 ተከታታይ ቀን ነው። የመግቢያው ቀን ይቆጠራል፣ የመውጫው አይቆጠርም፤ ሰኞ የገባ ቅዳሜ ይወጣል። ከዚያ ካለፈ የመኝታና የምግብ ሂሳብ ቤተሰቡ ላይ ሊመጣ ይችላል። አልፎ አልፎ መድገም ይቻላል። የታማሚው ድርሻ ሜዲኬር ካጸደቀው ዋጋ 5 በመቶ ነው።

ትልቁ ስህተት ታማሚውን በራስ ውሳኔ ወስዶ ማስገባት ነው። ቦታውን የሚያዘጋጀው ሆስፒሱ ነው፤ እሱ ሳያውቅ ከሄዳችሁ ሙሉው ወጪ የእናንተ ሊሆን ይችላል። ለሆስፒሱ ነርስ ወይም ለሶሻል ወርከሯ (ማኅበራዊ ሠራተኛዋ) «ሪስፓይት እንፈልጋለን» በሉ። አልጋ ወዲያው ላይገኝ ስለሚችል ጉልበታችሁ ሳያልቅ ጠይቁ። ታማሚው እንግሊዝኛ የማይችል ከሆነ ነጻ አስተርጓሚ፣ የሚጾም ከሆነም የጾም ምግብ እንዲዘጋጅለት አስቀድማችሁ አሳውቁ።