የጥጥ አዘራር፣ የተክል ርቀትና ውኃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ተክሉ በበዛ ቁጥር ምርቱ ይበዛል»

በመስመሮች መካከል 90፣ በተክሎች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ሲኖር በሄክታር 55 ሺህ ያህል ተክል ይቆማል። ቁጥሩን እጥፍ ማድረግ ምርቱን እጥፍ አያደርገውም። ጥጥ ቦታ ካገኘ ጎን ቅርንጫፍ ያወጣና ብዙ ፍሬ ይይዛል። ሲጨናነቅ ሽቅብ ይመዘዛል፤ ጥላ ውስጥ የቀረው እምቡጥና ጮርቃ ፍሬ ይረግፋል፣ አየር ስለማያገኝም የታችኛው ፍሬ ይበሰብሳል።

«አራርቆ መዝራት ሁልጊዜ ውኃ ይቆጥባል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ መሬቱን እስኪሸፍን ድረስ ከሚጠፋው ውኃ ብዙው ከባዶው አፈር የሚተን ነው። መስመሮቹ ሲራራቁ መሬቱ ለረጅም ጊዜ ለፀሐይ ይጋለጣል፤ አረሙም ድርሻውን ይጠጣል። ከተሸፈነ በኋላ ፍጆታውን በዋናነት የሚወስኑት ፀሐይ፣ ነፋስና የአየሩ ድርቀት እንጂ የተክሉ ብዛት አይደለም። በአበባና ፍሬ ወቅት በቀን 7 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢያስፈልግ፣ ለአንድ ሄክታር 70 ሜትር ኩብ ማለት ነው።

በዝናብ ብቻ በሚለማ፣ ውኃ በሚይዝ ጥልቅ አፈር ላይ ግን ነገሩ ይለያል። መስመር ዘሎ መዝራት በባዶው ቦታ ሥር ያለውን እርጥበት ፍሬ ለሚሞላበት ጊዜ ያቆያል። ዝናቡ ጥሩ በሆነበት ዓመት ግን ምርት ያስቀራል፤ ይህን አውቆ መግባት ያስፈልጋል።

«ውኃ በሁሉም ፈር ካልገባ ተክሉ ይጠማል»

አንዱን ፈር (በመስመሮች መካከል ያለውን የውኃ መውረጃ) ዘሎ ማጠጣትና በሚቀጥለው ዙር የተዘለለውን ማጠጣት በሸክላ አፈር ላይ ይሠራል፤ ውኃው ወደ ጎን ይሰርጋልና። ቁጠባው ግን ግማሽ አይሆንም፣ ውኃ የገባበት ፈር ከወትሮው የበለጠ ይመጥጣል። በአሸዋማ አፈር ላይ አይሞከር፤ ውኃው ቁልቁል ሰምጦ ይቀራል።

«ዘሩ የሚቀመጠው መደቡ አናት ላይ ነው»

ጨዋማ ባልሆነ መሬት መደቡ (በሁለት ፈር መካከል ከፍ ያለው አፈር) አናት ላይ መዝራት ችግር የለውም። ጨው ባለበት ግን ከሁለቱም ፈር የሚሰርገው ውኃ አናቱ ላይ ተገናኝቶ ሲተን ጨዉን እዚያው ይተወዋል፤ ቡቃያው ይቃጠላል። እዚያ ዘሩ ከመደቡ ጎን፣ ውኃው ከሚደርስበት መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

«ጠለቅ ያለ ዘር እርጥበት ያገኛል»

ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የጥጥ ቡቃያ አንገቱን አጥፎ ሁለት ወፍራም ቅጠሎችን ተሸክሞ ስለሚወጣ፣ ከጠለቀ ወይም አፈሩ ቅርፊት ከሠራ ይሰበራል። በጉድጓድ 3 ዘር ቅርፊቱን አብሮ ይሰብራል፤ ከሁለቱ ወፍራም ቅጠሎች በኋላ 3 ወይም 4 እውነተኛ ቅጠል ሲያወጡ ትርፉ ይሳሳል። ከዘገየ ሥራቸው ስለሚተሳሰር መንቀል ሳይሆን መቁረጥ ነው።