«ዝም ካሉ ደህና ናቸው»፦ በሕፃናት ማቆያ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሕጉ የሚፈቅደው የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ። ስለዚህ ካዛንቺስ፣ ሜክሲኮ ወይም አራት ኪሎ የምትሠራ እናት ልጇ ገና ሦስት ወር ሲሞላው ሥራ ትገባለች። አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ በግለሰብ ግቢዎችና በኮንዶሚኒየም ግራውንድ የተከፈቱም አሉ። ክፍል፣ ፍራሽና መጫወቻ ማሟላት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ልጆቹን በየደቂቃው መጠበቅ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ቅን ሰዎች የሚያምኗቸው፣ ግን ልጅ የሚያስጎዱ አመለካከቶች አሉ።

«ዝም ካሉ ደህና ናቸው»

የሚያለቅስ ልጅ ቢያንስ እየተነፈሰ ነው። የታነቀ ልጅ ግን አይጮኽም፤ ውሃ ውስጥ የገባም አይጮኽም። ጫጫታ የነበረበት ጥግ በድንገት ዝም ሲል ሞግዚቷ ተነሥታ መሄድ ያለባት ያኔ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የማቆያው ሻወር ቤት በበርሜል፣ በባልዲና በሳፋ የተሞላ ነው። ገና መሄድ የጀመረ ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው። ባልዲ ውስጥ ለማየት ሲያጎነብስ በጭንቅላቱ ይገባል፤ እጆቹ ራሱን ወደ ላይ ለመግፋት አቅም የላቸውም፣ 20 ሊትር የያዘ ባልዲ ደግሞ ክብደት ስላለው ተገልብጦ አያድነውም። ለዚህ ብዙ ውሃ አያስፈልግም፤ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ስለዚህ በርሜል የሚጠብቅ ክዳን ይኑረው፤ የወለል መወልወያው ባልዲ ሥራው እንዳለቀ ተደፍቶ ይገልበጥ፤ የሻወር ቤቱ በር ከውጭ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ መቀርቀሪያ ይደረግለት። ሕፃን ሲታጠብ ፎጣ ተረስቶ ከሆነ ፎጣው ይቅር፤ ወይም ሕፃኑን ይዞ መሄድ ነው።

«ቆሎና ፈንዲሻ የቤታችን ምግብ ነው፣ ምን ያደርጋል»

ትንንሽ ልጆች በፊት ጥርሳቸው ይቆርጣሉ እንጂ በመንጋጋ አድቅቀው ማኘክ ገና አይችሉም፤ የአየር ቧንቧቸውም ጠባብ ነው። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻና ደረቅ ከረሜላ 4 ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። ወይን ቁመቱን ለአራት ይሰነጠቃል፤ ጥሬ ካሮት ይፈቀፈቃል። በዓል ወይም ልደት ሲከበር ደግሞ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ቄጠማ ላይ የተበተነውን ፈንዲሻ። ትልቆቹ ረግጠውት ያልፋሉ፤ የሚድኸው ልጅ ግን እያንዳንዷን እየለቀመ ወደ አፉ ያስገባል። በማቆያ ፈንዲሻ ወለል ላይ ባይበተን ይሻላል፤ የበዓሉ ድምቀት በሌላ ይሞላል።

ልጅ ሲታነቅ ብዙዎች መጀመሪያ የሚሉት «ውሃ አጠጪው» ነው። ስህተት ነው። በደንብ እያሳለ ከሆነ ማሳሉን እንዲቀጥል መተው። ማሳልም ማልቀስም ካቃተው ደግሞ፦ ከ1 ዓመት በታች ከሆነ በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ በመዳፍ መምታት፤ ካልወጣ በጀርባው ገልብጦ በደረቱ መሐል በአንድ እጅ መዳፍ የታችኛው ክፍል 5 ጊዜ መጫን፤ እስኪወጣ ማፈራረቅ። ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ 5 ጊዜ ጀርባውን መምታት፣ ከዚያ ከእምብርቱ በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መጫን። የማይታይን ነገር በጣት መፈለግ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሌላ ሰው በዚያው ደቂቃ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውል። ሕፃኑ ራሱን ከሳተ የልብና የሳንባ እገዛ (ደረቱን መጫንና ትንፋሽ መስጠት) መጀመር አለበት፤ ይህን በአሻንጉሊት ያልተለማመደ ሰው በጭንቀት ሰዓት አያስታውሰውም፤ ሥልጠናው ለጽዳት ሠራተኛዋም ይገባል።

«በጀርባው ከተኛ ትውከቱ ያንቀዋል»

በጀርባ ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል፤ የመጣው ትውከት ወደ ላይ ለመውጣት ስለሚቸገር ተመልሶ ይዋጣል። በሆዱ ሲተኛ ግን ቦታቸው ይለዋወጣል። አሜሪካ ሕፃናት በጀርባ እንዲተኙ እ.ኤ.አ. በ1994 ዘመቻ ከጀመረች በኋላ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ቤት ውስጥ በጀርባው መተኛት የለመደ ልጅ ማቆያ ገብቶ በሆዱ ሲተኛ ደግሞ አደጋው በሆዱ መተኛት ከለመደው ልጅም ይብሳል። ስለዚህ «እንቅልፍ እንዲወስደው» ተብሎ አንዴም አይሞከርም።

ጠንካራ ፍራሽ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ጋቢ፣ ያለ አሻንጉሊት። ቢበርደው ልብስ ይጨመርለታል እንጂ ብርድ ልብስ አይከመርበትም። የመኝታ ክፍሉ ፊቱንና የደረቱን ከፍ ዝቅ ማለት ለማየት የሚያስችል ብርሃን ይኑረው፤ በየ15 ደቂቃው አጠገቡ ሄዶ ማየትና ሰዓቱን መጻፍ። ከበር ላይ አንገት አስግጎ ማየት አይቆጠርም።

«ለ10 ሕፃን ሁለት ሞግዚት ከበቂ በላይ ነው»

እንግሊዝ አገር ከ2 ዓመት በታች ላሉ 3 ሕፃናት ቢያንስ 1 ሰው በሕግ ይጠየቃል። ምክንያቱን ለማየት እሳት ሲነሣ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው፤ አንድ ሰው ስንት የማይራመድ ሕፃን ተሸክሞ ይወጣል?

ቁጥሩ ሞልቶም ቦታ አያያዝ ካልታወቀ ጥበቃ የለም። ሁለቱ ሞግዚቶች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ አራት ዓይን አንድ አቅጣጫ ያያል። አንዷ በመንሸራተቻው በኩል፣ ሌላዋ ግድግዳን ወደኋላ አድርጋ ግቢውን ሁሉ በሚያሳያት ቦታ ትቁም፤ መጸዳጃ የምትወስደዋም ለሌላዋ በቃል ተናግራ ትሂድ። በመሐል ከተማ ግቢዎች ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባና ከሮቶ ሥር ያለው ስርጥ ለዓይን ስውር ነው፤ ይታጠር።

ቆጠራም በስም ነው። «12 ነበሩ፣ 12 ናቸው» ሲባል አንድ ልጅ አርፍዶ ገብቶ ከሆነ፣ የጠፋውን አንድ ልጅ ቁጥሩ ይደብቀዋል። ዝርዝሩን ይዞ ስም እየጠሩ ፊት ማየት፤ ወደ ግቢ ሲወጡ፣ ሲመለሱ፣ ከእንቅልፍ ሲነሡና ሞግዚት ስትቀያየር።

«ካሜራ አለን፣ በር ላይም ጥበቃ አለ»

ካሜራ የሆነውን ይቀርጻል፤ የሚወድቀውን ልጅ አይዝም። የበሩ ጥበቃም የሚያውቀው ፊት ነው፤ ማን እንዲወስድ እንደተፈቀደለት አያውቅም። «አጎቱ ነኝ» ያለ ሰው እውነትም አጎት ሊሆን ይችላል፤ ልጁም ሮጦ ሊያቅፈው ይችላል፤ ይህ ፈቃድ አይደለም። ወላጅ በፊርማው የሰጠው የስም ዝርዝር፣ መታወቂያ፣ ስሙ ከሌለ ደግሞ በመዝገቡ ላይ ባለው ቁጥር ለእናት ወይም ለአባት መደወል። የመጣው ሰው ራሱ ደውሎ በሚያቀርበው ስልክ ማረጋገጥ ዋጋ የለውም።

«በረኪና ከጠጣ ማስመለስ ነው»

አይደለም። ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ እንደገና ያቃጥለዋል፤ ነጭ ጋዝ ከሆነ ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል። ምንም ሳያስመልሱ ዕቃውን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ። በረኪናና ላርጎ በሃይላንድ አይቀዳም፤ ልጅ የሚያውቀው ውሃ በሃይላንድ እንደሚጠጣ ነው።

«ከሰሉ ከቀላ በኋላ ጭስ የለውም»

በሐምሌና ነሐሴ ብርድ ክፍል ለማሞቅ ከሰል ይገባል። የቀላ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም፣ የተኙት ሕፃናትም ሳይነቁ ይመረዛሉ። ከሰል ልጆች ባሉበት ክፍል አይገባም። የሠራተኞች ቡናም ከቤት ውጭ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይፈላ።

የተቃጠለን ቆዳ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ሙቀቱን ይዞ ያስቀራል። ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ በቀስታ ማፍሰስ፣ በንጹህ ጨርቅ መሸፈን፣ ከልጁ መዳፍ የሚበልጥ ወይም ፊት፣ እጅና ብልት ላይ ያለ ቃጠሎ ከሆነ ወደ ሆስፒታል። ቧንቧው ደረቅ በሚሆንበት ቀን ለዚህ ብቻ የሚሆኑ ሁለት ሙሉ ጀሪካኖች ተከድነው፣ ልጅ በማይደርስበት ይቀመጡ፤ 907 እና የእሳት አደጋ 939 ደግሞ ከስልኩ በላይ ግድግዳው ላይ በትልቁ ይለጠፉ።