ባቲና ጊታሩ፦ ስለ ጃኖ ባንድ ደሴ ላይ የምሰማቸው ስህተቶች

ሰኞ ነው፣ የባቲ ገበያ ቀን። ከደሴ የተነሳው ሚኒባስ ጢም ብሏል። ሹፌሩ ሮክን ከሀገር ቅኝት ጋር የሚቀላቅለውን የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» አልበም ከፈተ። ጊታሩ ገና ማጓራት ሲጀምር ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ቴፕህ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ ማሪቱን አድርግልን» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ኮምቦልቻ እስክንደርስ ግን ክርክሩ አላባራም። ያኔ የሰማኋቸውን ነገሮች ዛሬም ቡና ላይ እሰማቸዋለሁ።

«ሮክ ከቅኝታችን ጋር አይሄድም»

ዋናው ይሄ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት።

ሮክ ጊታር የሚማር ልጅ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ስኬል፣ ማለትም የኖታዎች ቅደም ተከተል፣ ይሰጠዋል። ማይነር ፔንታቶኒክ ይባላል፤ ሮክ ከብሉዝ የወረሰው ነው። ከላ ሲጀምር ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ይሆናል። አሁን ክራር አንሱና ባቲ ማይነር የሚባለውን ቅኝት ከላ ጀምሩ። ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። አንድም ኖታ አልተለየም! አንዱ ከሌላው ወሰደ እያልኩ አይደለም፤ ወሎዬ ነኝና እንዲህ ማለት ያምረኝ ነበር። ልዩነቱ ያለው በድምፅ አወጣጡ፣ በምቱና ዜማው በሚያርፍበት ቦታ ነው። እነዚያኑ አምስት ኖታዎች ከዶ ብትጀምሯቸውና ዶ ላይ ብታሳርፏቸው ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ይወጣችኋል።

አምባሰል የሚባለው ቅኝትስ? ከሚ ሲነሳ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ነው። ከሚ ወደ ፋ ያለችው ግማሽ እርምጃ ሆድ የምታባባዋ ናት። የሄቪ ሜታል ጊታሪስቶችም ይቺኑ ግማሽ እርምጃ ይወዷታል፤ ድምፁን የምታከብድላቸው እሷ ናት። አምባሰልን ያለ ማሪቱ ለገሰ ማሰብ እንደሚከብደን አውቃለሁ። ጊታሩን በሚያስጓራው ዲስቶርሽን ሲጫወቱትም ግን አይሞትም። አንቺ ሆዬ የሚባለውን ቅኝት በኮርድ፣ ማለትም አብረው በሚመቱ ኖታዎች፣ ማጀብ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ እሱን ለደፋሮች ትቻለሁ።

«ኤሌክትሪክ ጊታርን ያመጡት እነዚህ ልጆች ናቸው»

ኧረ ወላሂ አይደለም! ማህሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»ን እ.ኤ.አ. በ1975 ሲያስቀርጽ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነበር። በጊታር ሰላም ስዩም፣ በቤዝ ጆቫኒ ሪኮ። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆነ። ሮሃ ደግሞ የላሊበላ የጥንት ስሟ ነው፤ ከወሎ ስም የተዋሰ ባንድ ማለት ነው።

ጃኖ ያመጣው ለውጥ ሌላ ነው። ሮሃን የመሰሉ ባንዶች በአብዛኛው ከድምፃዊ ጀርባ ነበሩ። ካሴቱ ላይ ጎልቶ የሚታየው የዘፋኙ ስምና ፎቶ ነው። እነ ጃኖ ሴትና ወንድ ድምፃውያን ይዘው በባንዱ ስም ወጡ። ለእኔ ከጊታሩ ጩኸት ይልቅ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

«ክራርና ማሲንቆ ከሌለበት የሀገር ሙዚቃ አይደለም»

ማሲንቆ ላይ የፈረንጅ ዘፈን ብትጫወት የወሎ ይሆናል? አይሆንም። ቅኝቱን፣ ምቱንና ግጥሙን ነው ማየት። ከበሮው ችክችካ የሚባለውን ስድስት ስምንተኛ ምት ሲመታ ትከሻ ጊታሩን አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይነሳል። ስማቸውም ቢሆን ከቤት የወጣ ነው። ጃኖ መኳንንቱ ይለብሱት የነበረው ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ልብስ ነው።

«ኤርታሌን የሠራው ፈረንጅ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የዚህ አልበም ፕሮዲውሰር አሜሪካዊው ቤዚስት ቢል ላስዌል ነው፤ ከእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ጋርም ሠርቷል። ግን ፕሮዲውሰር ዜማ ደራሲ ማለት አይደለም። ድምፁ እንዴት ይቀረጽ፣ ምን ይጉላ፣ ምን ይቀነስ የሚለውን ነው የሚመራው። ወጥ የሠራ ሌላ፣ ጨው የቀመሰ ሌላ።

«ሁለተኛው ላይ ሮክን ተዉት»

ሁለተኛው አልበማቸው «ለራስህ ነው» የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከመጀመሪያው ስድስት ዓመት ያህል ዘግይቶ። ኤርታሌን የጠበቀ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። እኔም መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ግን ከሮክ፣ ከሀገር ቅኝትና ከሌላም እየቀላቀለ የሚሠራ ባንድ ሁልጊዜ በአንድ መጠን አይቀላቅልም። ቡናም አቦሉና በረካው እኩል አይወፍሩም፤ ጀበናው ግን ያው ነው።

«ኤርታሌ የእኛ ነው»

ይሄን ያለው ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የነበረው ጎረምሳ ነው። አብሽር ወንድሜ፣ እሳተ ገሞራው አፋር ክልል ነው፤ እኛ ጎረቤት ነን። ሰኞ ሰኞ ግመል እየነዱ ባቲ ገበያ የሚወጡት አፋሮች ይሄን ቢሰሙ ዝም የሚሉ አይመስለኝም።