«መመሪያ ነው» ካሏችሁ ቁጥሩን ጠይቁ

ጠበቃ ነኝ። ሰው ሥራዬን ሲያውቅ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ነጻ ምክር ይጠይቀኛል፣ ወይ ሕግ ያስተምረኛል። ሰርግ ይሁን ለቅሶ፣ ድንኳን ውስጥ ከተቀመጥኩ ማምለጫ የለኝም። የምሰማው ደግሞ ለዓመታት ያው ነው። መንግሥት የሚባል አንድ ትልቅ ሰውዬ አለ፣ የፈለገውን ያደርጋል፣ ጠያቂ የለውም። አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ከቀላል ቀላሉ ልጀምር።

«ጠቅላይ ሚኒስትር ከሁለት ዘመን በላይ አይመረጥም።» ይመረጣል። ሁለት ጊዜ ብቻ የተባለው ፕሬዝዳንቱ ነው፤ የእሱም ዘመን ስድስት ስድስት ዓመት ነው። ሕገ መንግሥቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ይህን ያህል ጊዜ ብቻ የሚል ገደብ አላስቀመጠም።

«እኛው ነን የመረጥነው።» እናንተ የመረጣችሁት የምርጫ ክልላችሁን ተወካይ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ያውም ከራሱ አባላት መካከል።

«ፕሬዝዳንቱ ካልፈረሙ ሕግ አይሆንም።» ይሆናል። 15 ቀን ይጠበቃል። ካልፈረሙ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል፤ አንቀጽ 57ን እዩ። ይህቺን ከአሜሪካ ፊልም ነው የተማራችኋት።

«ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤቱን ሲያኮርፍ ይበትነዋል።» የምክር ቤቱን የራሱን ፈቃድ ካላገኘ አይበትነውም። ከተበተነም በኋላ ሥልጣን ላይ የሚቆየው ፓርቲ የዕለት ተዕለት ሥራ ከማከናወንና ምርጫ ከማካሄድ አያልፍም። አዲስ አዋጅ ማውጣትም ሆነ ነባሩን መሻር አይችልም።

«ለጠቅላይ ሚኒስትሩ እንጻፍና ፍርዱን ያስለውጥልን።» ይህን የሚለኝ ደንበኛ በወር አንድ አይጠፋም። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ከየት እንዳመጡት አውቃለሁ። በንጉሡ ዘመን ዙፋን ችሎት ነበር። ፍርድ ቤት የበደለው ሰው ጃንሆይ ፊት ቆሞ «አቤት!» ይላል፣ ንጉሡም ይሰማሉ። ዛሬ ያ ችሎት የለም። በአንቀጽ 79 መሠረት የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ነው፣ ዳኛም ከሕግ በቀር የሚመራው ነገር የለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምሕረት ያለው ሰው ቢሆን እንኳ የእናንተን የውርስ ፍርድ የሚሽርበት እስክሪብቶ የለውም። ይግባኝ አለ፣ የመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚታረምበት ሰበር አለ፣ ሁለቱም ቀን አላቸው። ደብዳቤ ስታረቅቁ ቀኑ ያልፍባችኋል። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ሆኖ የይግባኝ ጊዜው አልፎበት መጥቶ ያውቃል። የጻፈው ደብዳቤ አራት ገጽ ነበር፤ ቆንጆ ደብዳቤ ነው።

«አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ ሕግ የለም።» እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሚያውጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው እንጂ አንድ ሰው አይደለም። ምክንያቱም ተቆጥሯል። የውጭ ወረራ፣ በተለመደው የሕግ ማስከበር ሥርዓት መቋቋም የማይቻል ለሕገ መንግሥቱ ሥርዓት አደገኛ ሁኔታ፣ የተፈጥሮ አደጋ፣ ወረርሽኝ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ እረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ወዲያውኑ ይሻራል። ካገኘ ቢበዛ ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ በየአራት ወሩ እንደገና ሁለት ሦስተኛ።

ይህ ቁጥር ቀልድ አይደለም። የካቲት 23 ቀን 2010 ምክር ቤቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ድምፅ ሲሰጥ መጀመሪያ የተነገረው የድጋፍ ድምፅ 346 ነበር። ሰው ስልኩ ላይ ያለውን ካልኩሌተር አወጣና «ይሄ ሁለት ሦስተኛ አይሞላም» አለ። ከዚያ «ስህተት ነው፣ 395 ነው» ተብሎ ታረመ። የተቃወሙት ደግሞ 88 ነበሩ። ለእኛ ምክር ቤት 88 እጅ ትልቅ ዜና ነው።

አዋጁ በሚቆይበት ጊዜም ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል። በአዋጁ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ግዴታ ነው፤ ዘመድ ከታሰረባችሁ አንቀጽ 93ን ጠቅሳችሁ ለቦርዱ ጻፉ። የማይነኩ መብቶችም አሉ። ከኢሰብዓዊ አያያዝ መጠበቅ አንዱ ነው፣ እኩልነት ሌላው። አንድ የሚያበሳጨኝን ነገር ግን ልናገር። የአገሪቱ መጠሪያ የማይነካ ተብሎ ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ፣ በሕይወት የመኖር መብት አልገባም። አንቀጽ 93ን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ላይ ይቆማል።

«ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይተርጉምልን።» እኛ አገር የመጨረሻው ተርጓሚ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩን አጥንቶ የሚያቀርብለት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው፤ 11 አባላት አሉት፣ ሰብሳቢውም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ነው። በ2012 በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም የሕግ ምሁራን በቴሌቪዥን ቀርበው ሲከራከሩ ያያችሁት እዚህ ጉባኤ ፊት ነው። ፖለቲከኞች ያሉበት ምክር ቤት ስለ ፖለቲካ ሥልጣን ዳኛ መሆኑ ደስ አይለኝም፤ ግን የተጻፈው ይህ ነው።

ከዚህ ተነስተው «እንግዲያው ፍርድ ቤት መንግሥትን አይነካም» የሚሉ አሉ። እነሱ ናቸው ይህን ያስጻፉኝ።

«መመሪያ ነው።»

ሰሞኑን አክስቴ ደወለችልኝ። የቤቷ ካርታ ጠፍቶባት ምትክ ልታወጣ ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። «አዲስ መመሪያ ወጥቷል፣ አይሰጥም አሉኝ» አለች።

«መመሪያው ምን ይላል?»

«መመሪያ ነዋ! አንተ ልጅ፣ መመሪያ ነው አሉኝ እያልኩህ።»

በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ። «በአዲሱ መመሪያ መሠረት አገልግሎቱ ለጊዜው ቆሟል» ይላል። ቁጥር የለውም። ቀን የለውም። ማኅተም እንኳ የለውም። ባለሙያውን የመመሪያውን ቁጥር ጠየቅኩት። «የውስጥ ነው» አለኝ። እንዲያሳየኝ ስለምነው መሳቢያውን ከፍቶ ከሩቅ አንድ ገጽ ወረቀት አሳየኝ። ከበላይ ኃላፊ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ «እስከ ተጨማሪ ማሳወቂያ ድረስ» የምትለዋን አነበብኳት፣ ከዚያ መሳቢያው ተዘጋ።

ድሮ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲባል ባለበት ይቆም ነበር። ዛሬ «መመሪያ ነው» ሲባል ይቆማል። ልዩነቱ፣ ያኛውን ደካማው ነበር በጉልበተኛው ላይ የሚናገረው።

እና ቀስ ብለን እንየው። አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። መመሪያ የሚያወጣው ሚኒስቴሩ ወይም ተቋሙ ነው፣ ያውም አዋጁ ወይም ደንቡ «አውጣ» ብሎ ሥልጣን ሲሰጠው ብቻ። ሰርኩላርና የኃላፊ ደብዳቤ ከዚህ መሰላል ላይ የሉም። ደብዳቤ ደብዳቤ ነው። አዋጅ የሰጣችሁን መብት ደብዳቤ አይነሳችሁም።

እስከ 2012 ድረስ ነገሩ ጨለማ ነበር፣ አልክድም። መመሪያ በነጋሪት ጋዜጣ አይታተምም፤ መሳቢያ ውስጥ ተወልዶ መሳቢያ ውስጥ ይሞታል። በዚያ ዓመት ግን የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ወጣ። ብዙ ሰው ኮሮና ላይ ስለነበር አላየውም። ጠበቆች እንኳ አላነበብነውም፤ እኔም ያነበብኩት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። አዋጁ ተቋማትን አንድ ሁለት ብሎ አሰራቸው። መመሪያ ስታወጣ ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቅ፣ አስተያየት ተቀበል። ከዚያ አስመዝግብ፤ ያኔ መዝጋቢው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበር፣ ዛሬ ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ቁጥር ይሰጠውና ድረ ገጽ ላይ ይጫናል። ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም። አዲስ አበባና ድሬዳዋ አስተዳደሮችንም ይመለከታል። «እኛ ከተማ ነን፣ ፌዴራል አይደለንም» የሚል መልስ ከተሰጣችሁ አትመኑ።

ያ ብቻ አይደለም። መመሪያው ከሥልጣን በላይ ከሆነ ወይም ሥርዓቱን ሳይከተል ከወጣ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይቻላል። በእናንተ ላይ የተሰጠውን ውሳኔም እንዲሁ። መጀመሪያ ግን የተቋሙን ቅሬታ ሰሚ መጨረስ አለባችሁ። ቀጥታ ፍርድ ቤት ሄዶ መዝገቡ ሲዘጋበት «ነግሬህ ነበር፣ መንግሥት አይከሰስም» የሚለኝ ሰው አለ። መንግሥት አይከሰስም ማለት ሌላ፣ ቅደም ተከተል አላውቅም ማለት ሌላ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል አድገናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2137 ይህችኑ ተረት ሕግ አድርጓታል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ኃላፊ ናቸው ተብሎ ክስ አይቀርብባቸውም ይላል። ግን ጥቂት ቁጥሮች ወደ ላይ ተመለሱና 2126ን አንብቡ። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ጥፋት ጉዳት ካደረሰባችሁ ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይቻላል። በንጉሡ ዘመን የተጻፈ ነው እንግዲህ። መንግሥት ያኔም ይከሰስ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ግማሹ እውነት ነው፤ አልከራከርም። ምክር ቤቱ ሚኒስትር ጠርቶ ሲያፋጥጥ ስንት ጊዜ አይታችኋል? ዳኛስ መሥሪያ ቤት ላይ ትእዛዝ ሲሰጥ ስንት ጊዜ ይፈጸማል? ግን አስተውሉ፤ ያ መስኮት ላይ የተቀመጠ ልጅም አዋጁን አላነበበም። እሱም ሰው ነግሮት ነው የነገራችሁ። ቁጥሩን ስትጠይቁት ደንግጦ አለቃውን የሚጠራው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በቃል አትጨቃጨቁ። ጨቅጫቃ ተብላችሁ ትወጣላችሁ። አንድ ገጽ ጻፉ። የምትፈልጉትን አገልግሎት፣ የሄዳችሁበትን ቀን፣ የተሰጣችሁን መልስ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ፦ የመመሪያው ቁጥርና የተመዘገበበት ቀን ስንት ነው? ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ። ሁለት ኮፒ አድርጉ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፣ ሌላው ላይ የደረሰበትን ቀንና ማኅተም አስመቱ። ያለ ማኅተም እንዳትወጡ። ቅሬታ ሰሚም ጋ ሆነ ፍርድ ቤት፣ መጀመሪያ የምትጠየቁት ያቺን ኮፒ ነው።

የአክስቴን ደብዳቤ እኔ ጻፍኩት፣ እሷ ይዛ ሄደች። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አንብባ ስትጨርስ፣ «እማማ፣ በቃል ነግረንዎት የለ፣ ይሄ ለምን አስፈለገ?» አለቻት አሉ። አክስቴም «በቃል የነገራችሁኝን ረሳሁት፣ አርጅቻለሁ፣ ጻፉልኝ» አለቻት። ልጅቷ ስቃ ማኅተሙን መታች። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። ኮፒው አክስቴ ጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጧል፤ መልሱ ገና አልመጣም፣ መስኮቱ ላይ የነበረው ወረቀት ግን ተነስቷል።