ዲስፕሌስመንት ምንድን ነው? እንዴትስ ይሰላል?

ዲስፕሌስመንት የአንድ አካል የቦታ ለውጥ ነው። ከመነሻው እስከ መድረሻው በቀጥታ መስመር ይለካል፤ አቅጣጫም አለው። በመሃል ያለው መንገድ ቢጠማዘዝም፣ ተመላልሶ ቢሄድበትም ዲስፕሌስመንቱ አይለወጥም። የተሄደበትን መንገድ በሙሉ የሚቆጥረው ርቀት ነው።

ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው የመሮጫ መም ነው። የ10,000 ሜትር ሩጫ ማለት 400 ሜትሩን መም 25 ጊዜ መዞር ነው። ሯጩ የሚጨርሰው በተነሳበት መስመር ላይ ነው። ርቀቱ 10,000 ሜትር፣ ዲስፕሌስመንቱ ግን ዜሮ! ያን ሁሉ ላብ ዜሮ ብሎ መጻፍ ጀማሪን ያስጨንቃል፤ እውነትም ይከብዳል። ግን ጥያቄው ስለ ድካሙ አይደለም። አሁን ያለው ከመነሻው በየት በኩል፣ ምን ያህል ርቆ ነው? ይህን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

መታጠፊያውን ለብቻው ብንወስድስ? በመደበኛ መም የመጀመሪያው መስመር መታጠፊያ ሲለካ ሬዲየሱ 36.8 ሜትር የሆነ ግማሽ ክብ ነው። ሯጩ እዚያ ላይ 115.61 ሜትር ይሮጣል። ዲስፕሌስመንቱ ግን ዲያሜትሩ ነው፣ 73.6 ሜትር።

በቀጥታ መስመር ላይ ሲሆን ስሌቱ አንድ መቀነስ ብቻ ነው፦ መድረሻ ሲቀነስ መነሻ። ከ7 ሜትር ተነስቶ 2 ሜትር ላይ የቆመ አካል ዲስፕሌስመንቱ 2 − 7 = −5 ሜትር ነው። የመቀነስ ምልክቷን አደራ፣ እንዳትጥሏት። አቅጣጫውን የምትናገረው እሷ ናት፤ ያለ እሷ መልሱ ግማሽ ነው። መለኪያው የሚጀምርበትን ዜሮ የት እንደምናደርግ ግን የኛ ምርጫ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እኩል ስለሚቀየሩ ልዩነታቸው ያው ነው።

አቅጣጫው ሲቀየር እንደ ተራ ቁጥር መደመር አይሠራም። 120 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ 50 ሜትር ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ርቀቱ 170 ሜትር ነው። ሁለቱ ጉዞዎች ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሚሠሩ በፓይታጎረስ ቲዎረም ዲስፕሌስመንቱ 130 ሜትር ይሆናል። አቅጣጫውም ከምሥራቅ 22.6 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን ያዘነበለ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወደ ላይ በተወረወረ ኳስ ላይ ነው። መነሻ ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ሜትር ይሁን፤ የስበቱን አክስለሬሽን (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበትን መጠን) በሰከንድ ካሬ 10 ሜትር እንበለው፣ የአየሩን ግጭት እንተወው። በ3 ሰከንድ የሚኖረው ዲስፕሌስመንት 20 × 3 ሲቀነስ የ10 × 9 ግማሽ ነው፤ 9 የሰከንዱ ካሬ፣ 3 × 3 ነው። 60 − 45፣ ማለትም 15 ሜትር ወደ ላይ። ብዙዎች ይህንን ርቀት ብለው ይጽፉታል። ኳሱ ግን በ2 ሰከንድ 20 ሜትር ወጥቶ፣ በሚቀጥለው 1 ሰከንድ 5 ሜትር ወርዷል። ስለዚህ ርቀቱ 25 ሜትር ነው። በ4ኛው ሰከንድ ወደተወረወረበት ከፍታ ሲመለስ ርቀቱ 40 ሜትር ይደርሳል፤ ዲስፕሌስመንቱ ዜሮ ይሆናል።